ለክፍል የሚሆነውን ቪዲዮ ማን ይምረጥ?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ትምህርት ጉዳይ በዚህ ዓምድ ላይ ልዩ ልዩ አሳብ ሲቀርብ እያነበብሁ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ቆይቻለሁ። አሁን ግን እኔም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ፊዚክስ የማስተምር እንደ መሆኔ መጠን፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በየዕለቱ የምንከራከርበትን አንድ ጉዳይ በአንባብያን ፊት ለማቅረብ ስለ ፈለግሁ ጥቂት ስፍራ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም በኢንተርኔት የሚገኙት የትምህርት ቪዲዮዎች ወደ ክፍል የሚገቡበት መንገድ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ዕውቀት ሁሉ በዩቲዩብ ላይ ስለ ተገኘ መምህሩ ከእንግዲህ ወዲህ መክፈቻውን ከመጫን በቀር ሥራ የለውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቪዲዮ የዋዛ ነገር ነው፤ ተማሪውን ከደብተሩ ያፋታዋል» እያለ ጠመኔውን አጥብቆ ይይዛል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል እላለሁ። ቪዲዮው ይግባ አይግባ እያልን ስንከራከር እርሱ በተማሪው ኪስ ባለው ስልክ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ገብቶ አድሯል። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ የሚጠቅመውን ማን ይለያል? በምን ሰዓት ይለያል? በማንስ ገንዘብ ይለያል? የሚለው ነው።

ክምር ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዩቲዩብ የተከፈተው በ2005 ነው (በዚህ ደብዳቤ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የመጀመሪያው ቪዲዮ አንድ ወጣት በአራዊት ማኖሪያ ግቢ ቆሞ ስለ ዝሆን ኩምቢ የሚናገርበት፤ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ነገር ነበር። ዛሬ ግን አንድ መምህር «አሲድና ቤዝ» ብሎ ቢፈልግ ተመልክቶ የማይጨርሰው ብዛት ይመጣለታል። የሚመጣበትም ቅደም ተከተል እንደ እውነተኛነቱ ወይም እንደ ክፍሉ ደረጃ አይደለም። ሰው ብዙ ያየው፤ ብዙም ያቈየው ከላይ ይሆናል። የተማሪውን አእምሮ የሚያቀናውና ሰውን አቈይቶ የሚያስቀምጠው ነገር አንዳንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገናኙም።

ጉዳዩን ቀላል አድርገው የሚያዩ ሰዎች የሚከተለውን እንዲያስቡልኝ እወዳለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወደቁት ውስጥ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ ብዙ ነው። ቢዩሬት የሚባለውን ዕቃ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያየ ልጅ፤ ጠብታ እየቈጠረ ቀለሙ ሲለወጥ አይቶ የማያውቅ ልጅ፤ ስለዚያው ነገር በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል። እንዲህ ላለው ልጅ በሚገባ የተመረጠ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ጌጥ አይደለም። እስኪሠራለት ድረስ ያለው ቤተ ሙከራ እርሱ ነው።

አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አለመሆኗንም ማስታወስ ይገባል። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሲጀመር ብዙም ሳይቈይ የትምህርት ዝግጅት ተከትሎታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ፕላዝማ» እያልን የምንጠራው የሳተላይት ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ። እኔ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ መንግሥት መሰናዶ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ የጠበቀኝ እርሱ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለመምህራችን የሚተርፈው ለመክፈቻና ለመዝጊያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለችው አስተማሪ «አሁን ይህን ሥሩ» ትላለች፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ትናገራለች። መምህራችን ጠመኔ ይዘው ከጥግ ቆመው ነበር። «ቈይ» ቢሏት አትሰማም።

ታዲያ የዛሬው ቪዲዮ ከፕላዝማው የሚለይበት ትልቁ ነገር የሥዕሉ ጥራት ወይም የአስተማሪው ዝና አይመስለኝም። የማቆሚያው ቊልፍ በመምህሩ እጅ መግባቱ ነው። አንድ ጊዜ አቁሞ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ ለመጠየቅ፤ ወደ ኋላ መልሶ ለማሳየት፤ ድምፁን ዘግቶ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ራሱ ለማስረዳት፤ ንግግሩ የፈጠነ እንደ ሆነም ዝግ አድርጎ ለማስኬድ ይችላል። ይህን ሥልጣን ካልተጠቀመበት ግን ፕላዝማውን በሌላ ስም መልሶ አምጥቷል ማለት ነው።

ስለ አመራረጡ ልናገር። ብዙ ባልደረቦቼ ቪዲዮ ሲመርጡ የሚያዩት «ግልጽ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ይህ መልካም መስፈርት ይመስላል፤ ነገር ግን ያታልላል። ቬሪታሲየም የተባለውን ቻናል በ2011 የጀመረው ዴሪክ ሙለር፤ ከዚያ ቀደም ሲል በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የመረመረው ይህንኑ ጉዳይ ነበር። ለፊዚክስ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ቪዲዮ አሳየ። አንዱ ትክክለኛውን ትምህርት በጥሩ አቀራረብ የሚያስረዳ ነው። ሌላው ተማሪዎች በልማድ የሚያስቡትን የተሳሳተ አሳብ አስቀድሞ አንሥቶ የሚከራከር ነው። የመጀመሪያውን ያዩት «ግልጽ ነው፤ ቀላል ነው» ብለው አመሰገኑ፤ ሲፈተኑ ግን ከበፊቱ ብዙም አልተሻሻሉም። ሁለተኛውን ያዩት «ግራ ያጋባል» አሉ፤ ሆኖም የበለጠ የተማሩት እነርሱ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም ልጁ ግልጹን ቪዲዮ ሲያይ ቀድሞ የሚያውቀውን የሚሰማ ስለሚመስለው፤ የቀድሞ ስሕተቱን ሳይነካ ይዞት ይወጣል።

ስለዚህ እኔ የነጻ ውድቀትን ትምህርት የምጀምረው በቪዲዮ አይደለም። መዶሻና ላባ አብረን ብንለቅ የትኛው ቀድሞ ይወድቃል ብዬ እያንዳንዱ መልሱን በደብተሩ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። «አየር ባይኖርስ?» ብዬም አስጽፋለሁ። ከዚህ በኋላ በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ ሲለቅ የተነሣውን አሳያለሁ። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ሥዕሉም ደብዛዛ ነው። ሁለቱ እኩል መሬት ሲነኩ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ጫጫታ ግን ማንም አሸብራቂ ቪዲዮ አላመጣልኝም፤ ምክንያቱም ግማሹ ተማሪ በራሱ እጅ የጻፈውን ስሕተት ፊት ለፊት አየው።

ርዝመቱም የሚናቅ ነገር አይደለም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፤ በኤድኤክስ የኢንተርኔት ትምህርት ላይ ሰዎች ቪዲዮ ያዩበትን 6.9 ሚሊዮን ጊዜ መርምሮ፤ ቪዲዮው ምንም ያህል ይርዘም ተመልካቹ በመካከለኛ ግምት የሚቈየው ከስድስት ደቂቃ እንደማይበልጥ አሳይቷል። እነዚያ በፈቃዳቸው ሊማሩ የመጡ ሰዎች ናቸው። በአንድ ክፍል ስድሳ ሆነው፤ በሦስተኛ ቋንቋቸው፤ ከምሳ በኋላ የሚሰሙ ልጆችማ!

የማውቃቸውን ቻናሎች በስማቸው ብጠራ ቅር የሚለው አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ለኬሚስትሪ በእንግሊዝ አገር ከኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ በ2008 የተጀመረው «ፔሪዮዲክ ቪዲዮስ» ወደር አላገኘሁለትም። ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ አንድ ቪዲዮ አለው፤ ጠጕራቸው የተንጨባረረ ፕሮፌሰር ማርቲን ፖልያኮፍም ተማሪዎቼ እንደ ዘመድ ያውቋቸዋል። ሊቲየም በውሃ ላይ ሲፍለቀለቅ፤ ሶዲየም ቀልጦ እንደ እንክብል ሲሯሯጥ፤ ፖታሲየም በሐምራዊ ነበልባል ሲነድ በተከታታይ ማሳየት ይቻላል። እነዚህን በትምህርት ቤታችን ማግኘት አይቻልም፤ ቢገኙም ስድሳ ልጅ በተሰበሰበበት ሩቢዲየምና ሲዚየም የሚሞክር አስተማሪ ጤነኛ አይደለም።

ካን አካዳሚ ሳልማን ካን የተባለው ሰው በ2004 ለአጎቱ ልጅ ሒሳብ በርቀት ሲያስጠና የተጀመረ ነው። ስለ እርሱ ያለኝ አሳብ ከብዙ ሰው ይለያል። ለክፍል አይመቸኝም፤ አንድ ድምፅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ለአንድ ልጅ የሚናገር ስለ ሆነ ስድሳው ልጅ ያንቀላፋል። ዳሩ ግን መምህሩ ራሱ በዋዜማው ማታ ቢያየው እጅግ ይጠቅመዋል፤ ከባዱን ነገር በየትኛው ደረጃ ከፋፍሎ ማቅረብ እንደሚቻል ያሳያልና። «ክራሽ ኮርስ» የተባለው ዕውቀቱ የጠነከረ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። ዝግ ቢደረግም ቀልዱ የአሜሪካ ልጆች ቀልድ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን የጀመሩት «ፌት» ደግሞ ቪዲዮ አይደለም። ተማሪው ራሱ እየነካካ የሚሞክረው የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከሁሉ አስቀድሞ ይታይ ብባል እርሱን እላለሁ።

በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ያገራችን ቻናሎችም እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። ከነርሱ ውስጥ በአንድ ጠመኔና በአንድ ስልክ ብቻ ከውጭዎቹ የተሻለ የሚያስረዱ ወጣቶች አሉ። ፈተና ሲቃረብ «መልሱን እነሆ» እያሉ ርእስ የሚሰቅሉት ግን የልጆቻችንን ጭንቀት የሚነግዱ ናቸው፤ ወላጆች ልብ ቢሉ መልካም ነው።

አንድ ቪዲዮ ሳየው መጀመሪያ የምፈልገው የወጣበትን ዘመን ነው። 113ኛው፣ 115ኛው፣ 117ኛውና 118ኛው ንጥረ ነገሮች ስማቸው የጸደቀው በ2016 ስለ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሰንጠረዥ ጊዜያዊ ስም ይዟል። ኪሎግራምም በፓሪስ አጠገብ በተቀመጠው ብረት መመዘኑ በግንቦት ወር 2019 ቀርቷል። የታሪክና የሥነ ሕይወት መምህራን ደግሞ የኦሞ ቅሪተ አካልን ይመልከቱ። የቆየው ቪዲዮ ዕድሜው 195,000 ዓመት ነው፤ የሰው ዘር የመጀመሪያውም እርሱ ነው ይላል። በ2017 ግን በሞሮኮ የተገኘው 300,000 ዓመት ያህል እንደሚሆነው ተነገረ፤ በ2022 ደግሞ የኦሞው ቢያንስ 233,000 ዓመት እንደሚሆነው ታተመ። ስለ ገዛ አገሩ አፈር አሮጌ ነገር ተምሮ የሚወጣ ልጅ ማየት ያሳፍራል።

ሁለተኛው የምመረምረው ከዚህም ይረቃል፤ ትክክል ሆኖ ሳለ ለኛ የማይሆን ነገር አለና። ቪዲዮው ሁሉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በአዲስ አበባ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ያገኘ ብልህ ተማሪ ለክቶ 92 ቢያገኝ፤ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል እንጂ ቪዲዮውን አይጠራጠርም። በሰሜን አገር የተሠራ የጂኦግራፊ ቪዲዮም የቀትር ፀሐይ ዘወትር በደቡብ በኩል ናት ይላል። በአዲስ አበባ አካባቢ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ማንም ልጅ የራሱን ጥላ አይቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ስለ «ዊንተር» ደግሞ ባልናገር ይሻላል። በትምህርት ቤት «ክረምት» ብለን ስለ ተረጐምነው፤ ልጁ በረዶ የለበሰውን ታኅሣሥ እያየ የኛን ሐምሌ ያስባል። እንግዲህ እነዚህን ጕድለቶች ቪዲዮው ራሱ አይነግረንም። የሚነግረን አገሩን የሚያውቅ መምህር ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የነበሩ አንዲት መነኩሲት፤ ራሳቸው ዳር እስከ ዳር ያላነበቡትን መጽሐፍ ለተማሪ አያውሱም ነበር። የሚያከራክር ነገር ያለበትን ገጽ በእርሳስ ነጥብ ያደርጉበትና መጽሐፉን ስንመልስ «እዚህ ላይ ምን አሰብህ?» ይሉ ነበር። ለቪዲዮም የምመኘው ይህንኑ ትጋት ነው። ነገር ግን ሴትዮዋ መጽሐፉን የሚገዙት በራሳቸው ገንዘብ አልነበረም፤ የኔ ዋና አቤቱታም ከዚህ ላይ ይነሣል።

አንድ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ለማግኘት ቢያንስ ስምንት ወይም ዐሥር ቪዲዮ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያየው መምህሩ በማታ፤ በራሱ ስልክ፤ ከደመወዙ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ደመወዙ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ስለሚያውቅ አልዘረዝረውም። ወሩ ሲጋመስ ጥቅሉ ያልቃል፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ምርጫው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው መጀመሪያ የተገኘው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አምስት የኬሚስትሪ መምህራን ካሉ ደግሞ አምስቱም ያንኑ ቪዲዮ በየራሳቸው ገንዘብ ይፈልጋሉ። የጎረቤቱ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ብክነት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀምጦ ያያቸውን ይመዝግብ። የቪዲዮውን ስም፤ የወጣበትን ዓመት፤ ለየትኛው ክፍልና ምዕራፍ እንደሚሆን፤ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው እንደሚታይ፤ መምህሩ የሚያርመው ስሕተት ካለም እርሱን። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ሥራ የሚሆን የወር የኢንተርኔት ጥቅል ይቍረጥ፤ ለጠመኔና ለወረቀት በጀት እንደሚያዝ ሁሉ። መብራት በጠፋ ቍጥር እንዳንንከራተት ደግሞ የተፈቀደው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ይቀመጥ። የተፈቀደው ያልሁት ዩቲዩብ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳሻው አውርዶ መያዝ ስለማይፈቀድ ነው። ዳሩ ግን ኮሊብሪ የተባለው ፕሮግራም የካን አካዳሚን ትምህርት፤ ኪዊክስ የተባለው ደግሞ ዊኪፔድያን፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ አድርገው በነጻ ይሰጣሉ። አንድ ጊዜ ኢንተርኔቱ ከሚፈጥንበት ከተማ ወርዶ በዲስክ ከተጫነ፤ ያ ዲስክ በአውቶቡስ ተጭኖ ኔትወርክ ወደሌለበት ወረዳ መሄድ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መምህር በጐደለበት ክፍል ፕሮጀክተሩን የመምህር ምትክ ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። ባልደረባዬ በነበረበት በአንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ለቆ ስለ ሄደ፤ የክፍሉ አለቃ ቪዲዮ እንዲከፍት ታዝዞ ነበር። የመጀመሪያው ቪዲዮ ሲያልቅ መሣሪያው በገዛ እጁ ሌላ አስከተለ፤ ሌላውም ሌላ አስከተለ። የክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ ባልደረባዬ በበሩ ሲያልፍ ተማሪዎቹ የእግር ኳስ ጎል ይመለከቱ ነበር። በመዝገብ ላይ ግን «ፊዚክስ፤ ተሰጥቷል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ሴሚስተር የተማሩት ልጆች ፈተና ሲቀመጡ ያ መዝገብ ምን ይጠቅማቸዋል? የጐደለው መምህር እስኪተካ ድረስ ክፍሉ ባዶ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ባዶ ተብሎ የተጻፈውን የሚሞላ አይጠፋም፤ ተሞልቷል ተብሎ የተጻፈውን ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህን የምጽፈው በየአገሩ ያሉ ባልደረቦቼ በዚሁ ዓምድ እንዲመልሱልኝ ነው። እኔ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለኬሚስትሪና ለፊዚክስ የመረጥኋቸውን ሠላሳ አንድ ቪዲዮዎች ከነደቂቃቸው መዝግቤአለሁ፤ ለሚፈልግ ሁሉ ዝርዝሩን በነጻ እሰጣለሁ። ለሥነ ሕይወት፤ ለጂኦግራፊና ለሒሳብ ግን ባዶ ነኝ። በተለይ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ከስድስት ደቂቃ የማይበልጥና የአፋርን ምድር በትክክል የሚያሳይ ያገኘ የጂኦግራፊ መምህር ካለ ስሙን በጋዜጣው ቢጽፍልን፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚማሩት የትምህርት ቤታችን አራት ክፍሎች ይጠብቁታል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር